ቆርቆሮ ጣሪያ ቤታችንን ለምን ምጣድ ያደርገዋል? ሙቀት መላሽ ቀለም የሚሠራውና የማይሠራው

በድሬዳዋ፣ በሰመራ፣ በጎዴ ወይም በመተሐራ የኖረ ሰው ነገሩን በደንብ ያውቀዋል። ከዙህር እስከ አስር ባለው ጊዜ ቤት ውስጥ ከመቀመጥ ዛፍ ሥር መቀመጥ ይሻላል። ቤቱ ጥላ ሆኖ ሳለ ከውጪው ይልቅ ያቃጥላል። ቬንትሌተር ቢከፈትም የሚያመጣው ትኩስ አየር ነው። ሕፃናት ያለቅሳሉ፤ አዛውንት ራሳቸውን ይዞራቸዋል፤ የታመመ ሰው ደግሞ የሚሸሽበት ቦታ የለውም።

ብዙዎቻችን ይህን የአካባቢው አየር ጠባይ ነው ብለን እንተወዋለን። ነገር ግን ቤቱን ከጥላ በላይ የሚያሞቀው የውጪው አየር ብቻ አይደለም። ዋናው ጥፋተኛ ከራሳችን በላይ ያለው ቆርቆሮ ነው። መፍትሔው ደግሞ ሁልጊዜ ኤሲ መግዛት አይደለም። በቅርብ ጊዜ «ሙቀት መላሽ»፣ «ሙቀት የማያስገባ» እየተባሉ የሚሸጡ ቀለሞችና ብርማ ሽፋኖች በገበያ ላይ እየበዙ ነው። አንዳንዶቹ በእርግጥ ይጠቅማሉ። አንዳንዶቹ በተሳሳተ ቦታ ስለሚቀቡ ገንዘብ ያባክናሉ። አንዳንዶቹን በተመለከተ የሚነገረው ደግሞ ከእውነት የራቀ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልዩነቱን አንድ በአንድ እናያለን።

ጣሪያችን ላይ ስንት ምጣድ ተጥዷል?

በጠራ ሰማይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል ወደ 1,000 ዋት (1 ኪሎዋት) ይጠጋል። ወለሉ 5 በ6 ሜትር የሆነ ትንሽ ቤት እንውሰድ። ክፈፉና ተዳፋቱ ሲጨመር የጣሪያው ስፋት ወደ 36 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ በእኩለ ቀን በዚህ ጣሪያ ላይ የሚያርፈው 36 ኪሎዋት ገደማ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ወደ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። በሌላ አነጋገር፣ በዚህች ትንሽ ቤት አናት ላይ ዘጠኝ ምጣድ በአንድ ጊዜ ተጥዷል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሙቀት ወደ ቤት አይገባም። ከፊሉ ተንጸባርቆ ይመለሳል፤ ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል፤ ከፊሉ ወደ ሰማይ ይረጫል። ስንቱ እንደሚቀር የሚወስነው የጣሪያው ገጽ ነው። የዛገ ወይም ጠቆር ያለ ቀለም ያለው ቆርቆሮ ከሚያርፍበት ፀሐይ ሦስት አራተኛውን ወይም ከዚያ በላይ ይውጣል፤ ወደ ሰባት ምጣድ መሆኑ ነው። ጥሩ ጥራት ያለው ነጭ የጣሪያ ቀለም አዲስ ሳለ ወደ 80 በመቶ የሚሆነውን ይመልሳል። የሚውጠው ወደ ሁለት ምጣድ የሚጠጋ ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ቢያስታውሱ ይህን ያስታውሱ፤ ሰባቱን ምጣድ ወደ ሁለት ማውረድ የሚቻለው ፀሐይዋ ቆርቆሮው ላይ ከማረፏ በፊት በሚቀባ ቀለም ነው።

የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚለው፣ የተለመደ ጠቆር ያለ ጣሪያ በበጋ ከሰዓት በኋላ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። በዚያው ሰዓት ፀሐይ የሚመልስ ጣሪያ ከ28 ዲግሪ በላይ ቀዝቅዞ ሊቆይ ይችላል። ይህ የጣሪያው ገጽ ሙቀት እንጂ የክፍሉ ሙቀት አይደለም። በክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ቅናሽ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ዲግሪ ነው። ሆኖም ኤሲ ለሌለው ቤት ጥቂት ዲግሪ በእንቅልፍና በመገላበጥ መካከል፣ አንዳንዴም በጤናና በሕመም መካከል ያለ ልዩነት ነው።

አዲሱ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል፤ ታዲያ ለምን ይግላል?

ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ያልተቀባ አዲስ የዚንክ ቆርቆሮ ከፀሐይ ብርሃን 60 በመቶ ገደማ ይመልሳል። ይህ መጥፎ አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው፤ የዋጠውን ሙቀት በጨረር መልሶ ወደ ሰማይ የመርጨት አቅሙ በጣም ደካማ ነው። የሚያብረቀርቅ ብረት ሁሉ እንዲህ ነው፤ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ነጭ ቀለም ግን ሁለቱንም ሥራ ይሠራል፤ የፀሐይን ብርሃን ይመልሳል፣ የቀረውንም ሙቀት ፈጥኖ ይረጫል። ለዚህ ነው ነጭ የተቀባው ጣሪያ ከሚያብረቀርቀው ብረት የሚቀዘቅዘው።

ከዚያ በኋላ ዓመታት ያልፋሉ። ዚንኩ ያረጃል፤ አቧራ ይቀመጥበታል፤ ዝገት ይጀምራል። ቡናማ የሆነ ቆርቆሮ የመመለስ አቅሙን ያጣል። ሰው «ድሮ ቤታችን እንዲህ አይሞቅም ነበር» ሲል አንዳንዴ እውነቱን ነው፤ ጣሪያው ራሱ ተለውጧል።

በፋብሪካ ቀለም የተቀባውን የኢጋ ቆርቆሮ በተመለከተ የቀለሙ ምርጫ ወሳኝ ነው። ጥቁር ሰማያዊ፣ ጥቁር ቡናማና ጥቁር አረንጓዴ ለዓይን ያምራሉ፤ በቆላ ግን ዋጋቸውን የሚከፍለው ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ነው። ነጭ ወይም ክሬም የመሰለ ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው ኢጋ መምረጥ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ወጪ የለውም። ከዓረብ አገር በሚላክ ገንዘብ በአፋር፣ በሶማሌ ወይም በሐረርጌ ቆላ ቤት የሚያሠሩ ወንድሞችና እህቶች ለአሠሪው ዘመድ በስልክ የሚናገሩት አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ ጣሪያው ነጣ ያለ ይሁን።

በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ምን ይከሰታል?

ሙቀት የሚጓዘው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው በመነካካት ነው፤ የድስት እጀታ እጅን እንደሚያቃጥል ማለት ነው። ሁለተኛው በአየር ወይም በውሃ እንቅስቃሴ ነው። ሦስተኛው በጨረር ነው፤ ከፍም ፊት ስንቀመጥ መካከል ያለው አየር ሳይሞቅ ፊታችን እንደሚግለው።

ከኮርኒስ በላይ ባለው ባዶ ቦታ ዋናው ጉዳይ ሦስተኛው ነው። ሞቃት አየር ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይወርድም። ስለዚህ ከጋለው ቆርቆሮ ወደ ኮርኒሱ የሚወርደው ሙቀት በአብዛኛው ጨረር ነው። ቆርቆሮው እንደ ፍም ከላይ ኮርኒሱን ያሞቀዋል፤ ኮርኒሱ ሲሞቅ ደግሞ በተራው ከታች ያለውን ሰው ያሞቃል። ኮርኒስ የሌለው ቤት ውስጥ ያለ ሰው በቀጥታ የቆርቆሮውን ጨረር በአናቱ ይቀበላል። የክፍሉ አየር ልክ እንኳ ቢሆን ሰውየው የሚጠበሰው ለዚህ ነው።

ይህን ጨረር ለመቀነስ ሁለት ዓይነት ነገሮች አሉ። አንዱ በጣም የሚያብረቀርቅ የአልሙኒየም ፎይል ያለው አንሶላ ነው፤ ከሚያገኘው ጨረር 90 በመቶና ከዚያ በላይ ይመልሳል፤ ራሱም ሲሞቅ ጨረር የሚለቀው በጣም ጥቂት ነው። ሁለተኛው ከጣሪያው ሥር የሚቀባ ወይም የሚረጭ ልዩ ብርማ ቀለም ነው። በአሜሪካ መስፈርት እንዲህ ያለ ቀለም ከሙሉ የጨረር ልቀት ከሩብ በላይ መልቀቅ የለበትም። ፎይሉ ከቀለሙ የተሻለ ይሠራል፤ ቀለሙ ግን ሞራሌና ማገር በበዛበት ጠባብ ቦታ ለመቀባት ይቀላል። ተራ ብርማ ቀለም ሁሉ ይህን መስፈርት አያሟላም፤ ብረት በር የሚቀባበት ቀለም ያብረቀረቀ ቢመስልም ከሚጠበቀው በላይ ጨረር ሊለቅ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። ነጭ ቀለም ከውጪ በኩል ጀግና ነው፤ ከጣሪያው ሥር ግን ምንም አይሠራም። ምክንያቱም ከጋለ ቆርቆሮ የሚወጣው ጨረር ዓይናችን የሚያየው ብርሃን አይደለም። ለዚያ ዓይነት ጨረር ነጭ ቀለምና ጥቁር ቀለም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ሙቀቱን ያለስስት ይለቁታል። እንዲያውም አዲስ ያልተቀባ ዚንክ ከውስጥ በኩል ጨረር የሚለቀው ጥቂት ስለሆነ፣ «ላሳምረው» ብሎ ከሥሩ ነጭ ቀለም መቀባት ነገሩን ሊያባብሰው ይችላል። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፤ ከውጪ ነጭ፣ ከውስጥ የሚያብረቀርቅ ብረት።

ሁለተኛው ሕግ የአየር ክፍተት ነው። ፎይል የሚሠራው የሚያብረቀርቀው ገጹ ከአየር ጋር ሲገናኝ ብቻ ነው። ከቺፑድ ጋር ከተጣበቀ ወይም በሁለት ነገር መካከል ከተጨመቀ ሙቀቱ በመነካካት ያልፋል፤ ፎይሉም ተራ ወረቀት ይሆናል። ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ያስፈልገዋል። ሦስተኛው ሕግ አቧራ ነው። የሚያብረቀርቀው ገጽ ወደ ላይ ከሆነ በጥቂት ዓመታት አቧራ ይሸፍነውና ሥራውን ያቆማል። ወደ ታች ሆኖ ከሞራሌው ሥር ሲወጠር ግን አቧራ አይቀመጥበትም።

ምን ያህል ይጠቅማል? ለየትኛው አገር?

የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚገልጸው ሞቃትና ፀሐያማ በሆነ አካባቢ ከጣሪያ ሥር የሚደረግ የጨረር መከላከያ የማቀዝቀዣ ወጪን ከ5 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። ይህ ጥሩ ቁጥር ነው፤ ተአምር ግን አይደለም። ቁጥሩ የወጣው ወፍራም የሙቀት መከላከያ ባላቸው ቤቶች መሆኑንም ልብ ይሏል። ምንም መከላከያ በሌለው፣ በስስ ኮርኒስ ብቻ በተሸፈነ የቆርቆሮ ቤት የጣሪያው ድርሻ ከዚህ ይበልጣል።

አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ደብረ ብርሃንና ሌሎች ደጋ ከተሞች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። በእነዚህ ቦታዎች ቀን ቢሞቅም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ብርዱ ይበረታል። ጣሪያውን ነጭ መቀባት በቀን የሚገባውን ሙቀት ስለሚቀንስ ሌሊቱን ይበልጥ ቀዝቃዛ ሊያደርገው ይችላል። ለደጋ ቤት የመጀመሪያው ሥራ ክፍተቱ የተደፈነ ጥሩ ኮርኒስ ነው፤ ከኮርኒሱ በላይ ደግሞ ሙቀት የሚይዝ ወፍራም ነገር ማድረግ። ይህ በቀን ሙቀት እንዳይገባ፣ በሌሊትም እንዳይወጣ ያግዛል።

በአሜሪካ ለሚኖሩ አንባቢያንም ልዩነቱ ተመሳሳይ ነው። በሚኒሶታ ያለ ቤት ዋና ወጪው ማሞቂያ ነው። እዚያ አቲክ ውስጥ ብርማ ቀለም ከማስረጨት በፊት የአየር መውጫ ቀዳዳዎችን ማስደፈንና መከላከያውን ማወፈር ይቀድማል። በቴክሳስ፣ በአሪዞና ወይም በኔቫዳ፣ በተለይም የኤሲው ቱቦ በአቲኩ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ፣ የጨረር መከላከያው ጥቅም ይታያል። እዚያም ቢሆን መከላከያው ስስ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይሟላ።

ሻጭ ሲመጣ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ይህ ቀለም በግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረቱ የአንድ ስንዝር መከላከያ ሥራ ይሠራል» የሚል ማስታወቂያ ካዩ ይጠንቀቁ። ቀለም ስስ ነው፤ በመነካካት የሚያልፈውን ሙቀት ማስቆም አይችልም። «የጠፈር ቴክኖሎጂ ነው»፣ «የሴራሚክ ቅንጣት አለበት» መባሉም ይህን አይለውጠውም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ቀለምን በመደበኛ የሙቀት መከላከያ ምትክ መጠቀምን አይመክርም። የዚያው አገር የፌዴራል የንግድ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2020 ስለ ቀለሞቻቸው ሙቀት የመከላከል አቅም አሳሳች ነገር ተናግረዋል ያላቸውን አራት ኩባንያዎች ፍርድ ቤት አቁሟል።

ስለዚህ ለሻጩ እነዚህን ጥያቄዎች ያቅርቡ።

አንደኛ፦ ይህ ቀለም የሚቀባው ከጣሪያው ውጪ ነው ወይስ ከሥሩ? «የትም ይሆናል» ካለ ዕቃውን አያውቀውም።

ሁለተኛ፦ ከውጪ የሚቀባ ከሆነ ከፀሐይ ስንት በመቶ ይመልሳል? ከሦስት ዓመት በኋላስ? አዲስ ሳለ 80 በመቶ የሚመልስ ነጭ ቀለም በአቧራና በጭስ ወደ 60ዎቹ ሊወርድ ይችላል። ጥሩ አምራች ሁለቱንም ቁጥር ያሳያል።

ሦስተኛ፦ ከሥር የሚቀባ ከሆነ የጨረር ልቀቱ ስንት ነው? ከ0.25 በላይ ከሆነ የጨረር መከላከያ ተብሎ አይጠራም።

አራተኛ፦ በቀለሙ ውስጥ ሊድ አለ? ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ የሚኖረው የሊድ መጠን ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ በደንብ ወስናለች። ከጣሪያ ላይ የዝናብ ውሃ ለሚያጠራቅም ቤተሰብ ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል።

ራሳችን እንዴት እንሥራው?

ኮርኒስ ለሌለው ቤት የመጀመሪያው ብር ለኮርኒስ ይውጣ። ንጹሕ አቡጀዲም ሆነ ማዳበሪያ ከረጢት ቢሆን በራስና በቆርቆሮ መካከል መግባቱ በራሱ የጨረሩን ኃይል ይሰብራል። ከዚያ በኋላ በሁለቱ የጣሪያ ጫፎች፣ ከኮርኒሱ በላይ፣ ወፍና አይጥ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ የአየር መውጫ መተው ይጠቅማል። የታፈነው ትኩስ አየር መውጫ ያገኛል።

ቀጥሎ የውጪው ነጭ ቀለም ነው። ለውጪ የተሠራ፣ በውሃ የሚበጠበጥ የአክሪሊክ የጣሪያ ቀለም ይመረጣል። ተራ የዘይት ቀለም በዚንክ ላይ በቀጥታ ሲቀባ ከጊዜ በኋላ እየተላጠ ይነሳል። ኖራ በሲሚንቶ ጣሪያ ላይ ርካሽና ጥሩ ነው፤ በቆርቆሮ ላይ ግን አይይዝም፣ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ያጥበዋል። እንዲይዝ ተብሎ ጨው ከተጨመረበት ደግሞ ብረቱን ያዝገዋል።

ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ይሄዳል። መጀመሪያ ልቅ ሚስማሮች ይጠበቁ፣ ቀዳዳዎች ይደፈኑ። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይፈግፈግ፤ አቧራውና ቅባቱ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ። የዛገው ቦታ የዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባ። ከዚያ ነጩ ቀለም ሁለት ጊዜ ይቀባል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው ሲደርቅ። ሥራው በማለዳ ይጀመር፤ በጋለ ቆርቆሮ ላይ የተቀባ ቀለም ሳይዝ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ዝናብ በሚጠበቅበት ቀንም አይቀባም።

ስንት ቀለም ይበቃል? ያ 36 ካሬ ሜትር ጣሪያ የቆርቆሮው ሞገድ ሲታሰብ ወደ 41 ካሬ ሜትር ይሆናል። ሁለት ጊዜ ሲቀባ 82 ማለት ነው። አንድ ሊትር ቀለም ወደ 8 ካሬ ሜትር ከሸፈነ 10 ሊትር ገደማ ይበቃል። በባልዲው ላይ የተጻፈው የመሸፈን መጠን የተለየ ከሆነ በዚያው ያስሉ። በየዓመቱ ከዝናብ በፊት ጣሪያውን ማጠብ የቀለሙን ዕድሜና ነጭነት ያቆያል።

የዝናብ ውሃ ለውዱእም ሆነ ለማጠቢያ የሚያጠራቅሙ ከሆነ፣ ከተቀባ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዝናቦች ከአሸንዳው ወደ ውጪ ይልቀቁት። ለመጠጥ የሚውል ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ለዚህ የተፈቀደ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይቀቡ።

ሕይወት የሚጠፋበት ቦታ

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው ይህ ነው። ከኮርኒስ በላይ ያለው ቦታ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚያልፍበት ነው፤ በብዙ ቤቶቻችን ደግሞ ገመዱ ቱቦ ውስጥ አልገባም፣ መጋጠሚያውም በፕላስተር ተጠቅልሎ የተተወ ነው። አልሙኒየም ፎይል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የተላጠ ገመድ ከፎይሉ ጋር ከተነካካ መላው አንሶላ፣ ቆርቆሮውንም ከነካ መላው ጣሪያ፣ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል።

ይህ ምናባዊ ስጋት አይደለም። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2009 ቤቶችን በነፃ የሙቀት መከላከያ የሚያለብስ ትልቅ የመንግሥት ፕሮግራም ጀምራ ነበር። በችኮላና በቂ ሥልጠና በሌላቸው ሠራተኞች በመሠራቱ አራት ወጣቶች ሞቱ። ሦስቱ በኤሌክትሪክ ተይዘው፣ አንዱ ደግሞ በጣሪያው ሥር ባለው ሙቀት ነው። ፕሮግራሙ በ2010 ተዘጋ፤ በኋላም ጉዳዩ በመንግሥት ኮሚሽን ተመረመረ። ሀብታም አገር ውስጥ የደረሰው በእኛም ቤት ሊደርስ ይችላል።

ስለዚህ ፎይል ከመወጠሩ በፊት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ገመዱን ይይ፤ ሥራው ሲካሄድ ቆጣሪው ላይ ያለው ማብሪያ ይጥፋ፤ ፎይሉም በብረት ስቴፕል በገመድ አጠገብ አይመታ። ከጣሪያ ሥር የሚሠራ ሰው በእኩለ ቀን አይግባ፤ ከፈጅር በኋላ ባሉት ሰዓታት ይሥራ፤ ብቻውንም አይሁን። ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው የሚረግጠው የሚስማር መስመሩን ነው፤ ከሥሩ እንጨት ያለው እዚያ ነውና። እርጥብ ቀለም ያንሸራትታል። ወደ ቤቱ የሚገባው የመብራት መስመር ከጣሪያው በላይ ካለፈ ደግሞ ረጅም እጀታ ያለው ሮለር አይነሳ።

መስጂዶችና መድረሳዎች ለምን ይቅደሙ?

የመስጂድ ጣሪያ ሰፊ ነው። ሰው በብዛት የሚሰበሰብበት የጁምዓ ሰዓት ደግሞ ፀሐይ አናት ላይ ካለችበት ሰዓት ጋር ይገጥማል። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ራሱም ሙቀት ያመነጫል። በብዙ መስጂዶች የሴቶች ቦታ የላይኛው ፎቅ፣ ከቆርቆሮው ሥር ነው፤ ሙቀቱ የሚበረታባቸው እናቶችና የያዟቸው ሕፃናት ናቸው። በመድረሳም ልጆች በዚያው ሙቀት ውስጥ ትምህርት ይቀበላሉ። ኮሚቴው ተጨማሪ ቬንትሌተር ከመግዛቱ በፊት የጣሪያውን ቀለም ቢያስብ ይሻላል። ቬንትሌተር በየወሩ መብራት ይበላል፤ የተቀባ ጣሪያ ግን ዓመታዊ እጥበት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ፀሐይን በነጭ ገጽ መመለስ ለሙስሊሙ አዲስ ነገር አይደለም። በመስጂደል ሐራም ጠዋፍ የሚያደርጉ ሰዎች በእኩለ ቀን በባዶ እግራቸው ሲሄዱ እግራቸው የማይቃጠለው ወለሉ ከግሪክ ታሶስ ደሴት በሚመጣ ነጭ እብነ በረድ ስለተሸፈነ ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በሐጅ ቦታዎች፣ በዐረፋ የነሚራ መስጂድ አካባቢን ጨምሮ፣ የአስፋልቱን ሙቀት ለመቀነስ መንገዶችን ነጣ ባለ ሽፋን መቀባት ተጀምሯል። የሐረር ጀጎል ግድግዳዎች በኖራ የሚነጡትም ለውበት ብቻ አይደለም።

ከሌላው ዓለም ልምድ የሕንዷ አሕመዳባድ ከተማ ትጠቀሳለች። እ.ኤ.አ. በሜይ 2010 በደረሰው የሙቀት ማዕበል በከተማዋ ከተለመደው በላይ 1,344 ሰዎች መሞታቸው በጥናት ታውቋል። ከተማዋ በ2013 የሙቀት መከላከያ ዕቅድ አወጣች። በ2017 ደግሞ በድሃ ሰፈሮች ያሉ ወደ 3,000 የሚጠጉ ጣሪያዎችን ነጭ የማድረግ ሥራ ጀመረች። ቀለሙን ከቀቡት ውስጥ በጎ ፈቃደኞች ነበሩበት። የሚያስፈልገው ባልዲ፣ ብሩሽና ጥቂት የማለዳ ሰዓታት ነው።

ለሚጠራጠር ኮሚቴ ቀላል ፈተና አለ። ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት የመድረሳ ክፍሎች ይመረጡ፤ የአንዱ ጣሪያ ብቻ ይቀባ። በሁለቱም ውስጥ ከፀሐይ ርቆ አንድ አንድ ቴርሞሜትር ይሰቀልና ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይመዝገብ። ልዩነቱን ልጆቹ ራሳቸው አንብበው ይናገራሉ። ከዚያ ቀሪውን ጣሪያ ለመቀባት ገንዘብ ማሰባሰብ አይከብድም።

በመጨረሻም በየሰፈሩ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት፣ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ሕሙማንና አራስ እናቶች አሉ። ለእነሱ ከሙቀት መሸሽ አይቻልም። አሥር ሊትር ቀለምና የሁለት ወጣቶች ጉልበት የአንዲትን እናት ቤት ለዓመታት ያቀዘቅዛል። የሰፈሩ ጀመዓ ከሙቀቱ ወራት በፊት አንድ ቅዳሜ ማለዳ ለዚህ ቢመድብ፣ በዚያው ቀን ከዙህር በኋላ ለውጡን በዚያች ቤት ገብቶ ማየት ይቻላል።